ዓለም ሲናወጥ ሰው ዝም ብሏል፤ ድሬ ላይ የክርክር ቅዳሜ እንዴት ይጀመር?

ንባብ_ቤት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ባለ ትንሽ የንባብ ክፍል በወር አንድ ቅዳሜ ሰው ስለ ዓለም ጉዳይ የሚከራከርበት ዝግጅት ለመጀመር ታስቧል። ክፍሉ 30 ወንበር ይይዛል፤ ሁለት ማራገቢያ አለው፤ ድምፅ ማጉያ የለውም። ገንዘብም የለም ማለት ይቻላል።

የሚያሳስበው ግን ክፍሉ ሳይሆን ዝምታው ነው። ቀይ ባሕር ላይ መርከብ ሲመታ ከረመ፤ በሰኔ 2017 እስራኤልና ኢራን 12 ቀን ሙሉ ተደባደቡ፤ አሜሪካ የእርዳታ ድርጅቷን ዘጋች፤ የዩክሬኑ ጦርነት ዓመታት አስቆጠረ። የጅቡቲ መስመር ላይ ለተቀመጠች ከተማ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ሰው ግን ወይ «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» ይላል፣ ወይ ስልኩ ላይ አንድ ጊዜ አየት አድርጎ ያልፈዋል። ጥያቄ ሲወረወር ሁሉም ጣሪያ ያያል።

ልምዱ ያላችሁ በዝርዝር ንገሩን። ምን ዓይነት ጥያቄ ይመረጥ? ስንት ሰው፣ ለስንት ሰዓት? ስብከት ወይም ጠብ እንዳይሆን ምን ይደረግ? ፈቃድስ ያስፈልጋል?


ተጠየቅ_በሉ፦

እህቴ፣ ከማስታወቂያው እንጀምር። «በወቅታዊ ዓለም አቀፍ ጉዳዮች ላይ የውይይት መድረክ» ብለሽ ከለጠፍሽ ሰው የቀበሌ ስብሰባ መስሎት ያልፋል። የመጣውም አበል እንዳለ ጠይቆ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ አጨብጭቦ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ቦታ ተናግሮ ምንም እንደማይለወጥ ያውቀዋል፤ አይፈረድበትም።

ስለዚህ ርዕስ ሳይሆን አንድ አቋም ለጥፊ፤ «እደግፋለሁ» ወይም «እቃወማለሁ» የሚባልበት። «የቀይ ባሕር ቀውስና አፍሪካ» ርዕስ ነው። ማንም አይጣላበትም፣ ማንም ደግሞ አይመጣለትም። «የጸጥታው ምክር ቤት አምስት ቋሚ አባላት ውሳኔ የመሻር ሥልጣናቸው ይነሣ» ግን አቋም ነው። በዚያ ላይ የአፍሪካ ኅብረት አገሮች በ2005 እ.ኤ.አ. የያዙት አቋም ተቃራኒውን የሚጠጋ መሆኑ ነገሩን ያጣፍጠዋል፦ ሥልጣኑ እስካለ ድረስ አፍሪካም ሁለት ቋሚ መቀመጫ ከነሥልጣኑ ይሰጣት ነው የሚሉት። ኢትዮጵያ ራሷ በ2017 እና በ2018 እ.ኤ.አ. ምክር ቤቱ ውስጥ በተለዋጭ አባልነት ተቀምጣለች። እዚህ ላይ ሁለት አስተዋይ ሰዎች በቅን ልብ ሊለያዩ ይችላሉ፤ የምትፈልጊው ይህንን ነው።

አቋሙን ከመለጠፍሽ በፊት በሦስት ነገር ፈትኚው። በአንድ ትንፋሽ ይነገራል? ከ15 ቃል ካለፈ አሳጥሪው። ጉዳዩን ከሚያውቁ ሰዎች መካከል በሁለቱም ወገን የቆሙ አሉ? ለአምስት ጓደኛ ጠይቀሽ አምስቱም አንድ ወገን ከሆኑ ጣይው። የአድማጩን ኪስ፣ ሥራ ወይም መንገድ ይነካል? ካልነካ ለሦስተኛው ወር አቆዪው፤ ለመጀመሪያው አይሆንም።

ቁጥር፦ ከ12 እስከ 18 ሰው። ከ8 በታች ከሆነ እያንዳንዱ ዝምታ ክፍሉን ይሞላዋል፤ ከ20 ካለፈ ሰው ተመልካች ይሆናል። ሠላሳ ጋብዢ፣ ግማሹ ይመጣል። ትርፉን ወንበር ከክፍሉ አውጪው፣ አለዚያ ሁሉም ኋላ ይሄዳል። መድረክና የክብር ጠረጴዛ አይኑር፤ ወንበሮቹ ክብ ይሁኑ።

አንድ ገጽ ጽሑፍ አዘጋጂ፤ ከ400 ቃል አይለፍ። ከላይ ሁለቱም ወገን የማይጨቃጨቁባቸው አምስት እውነታዎች፣ ከሥር የደጋፊው ሁለት ጠንካራ ነጥቦች፣ የተቃዋሚውም ሁለት። መደምደሚያ አይኑረው። ይህ ወረቀት ድምፅ ተሰምቶ ይነበብ፤ ሁለት ሰው እየተቀባበለ። ብዙ ሰው ዝም የሚለው ሐሳብ አጥቶ ሳይሆን አላዋቂነቱ እንዳይጋለጥ ፈርቶ ነው። ሁሉም አንድ ገጽ ከሰማ በኋላ ያ ፍርሃት ይቀላል፤ ማንበብ የሚቸገረውም አይታወቅበትም።

ቀጥሎ ድምፅ። እጅ አታስወጪ! እጅ ከወጣ ሁሉም የጎረቤቱን እጅ ያያል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ነጭና አንድ ቀይ ቦሎቄ ስጪ። ክዳናቸው የተበሳ ሁለት ቆርቆሮ አስቀምጪ፦ አንዱ የድምፅ፣ አንዱ የመጣያ። የሚደግፍ ነጩን በድምፁ ቆርቆሮ፣ ቀዩን በመጣያው ይከታል፤ የሚቃወም በግልባጩ። ሁለቱም ቆርቆሮዎች እኩል ፍሬ ከሌላቸው አንድ ሰው ተሳስቷል፤ ድገሙት። ውጤቱን ወዲያው ሰሌዳ ላይ ጻፊው። «እኔ ብቻ ነኝ እንዲህ የማስበው» ብሎ የተቀመጠ ሰው ሌላ አምስት ቀይ ቦሎቄ ሲያይ አንደበቱ ይፈታል። ማብቂያው ላይ ያው ምርጫ ይደገማል። አሜሪካዊው ምሁር ጄምስ ፊሽኪን ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስፋፋው ዘዴ መሠረቱ ይኸው ነው፦ ሳይወያዩ በፊት ድምፅ፣ ከተወያዩ በኋላ ድምፅ፤ ትልቁ ወሬ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ነው።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ንግግር አትግቢ። በአራት በአራት ሆነው 20 ደቂቃ በለሆሳስ ይነጋገሩ። የአየርላንድ የዜጎች ጉባኤ 99 ሰዎችን በዕጣ መርጦ ሲያወያይ ትልቁን ሥራ የሠራው በትንንሽ ጠረጴዛ ነው። በአዳራሽ የማይናገር ሰው ለሦስት ሰው ይናገራል፤ አንዴ የተናገረውን ደግሞ ለ18 ሰው መድገም አይከብደውም።

ከዚያ ዕጣ። ሦስት ደጋፊ፣ ሦስት ተቃዋሚ፣ እንደ ዕቁብ ዕጣ በወረቀት ይውጣ። ሰው የማያምንበት ወገን ሊደርሰው ይችላል፤ ይህ ጉዳት ሳይሆን ጥቅም ነው። «ዕጣ ደርሶኝ ነው» የሚል ሰው ሰፈር ውስጥ ስም አይወጣለትም። ለእያንዳንዱ 3 ደቂቃ። ንግግሩ ሲያልቅ ከሌላው ወገን አንድ ሰው ተነሥቶ «ተጠየቅ!» ይላል፤ ለጥያቄና ለመልስ 2 ደቂቃ። በድሮው ሙግት ተጠየቅ የተባለ ሰው መልስ ሳይሰጥ አይቀመጥም ነበር፤ ያንን ወግ መልሱት። አንድ ደንብ ጨምሩ፦ ጠያቂው መጀመሪያ የተናጋሪውን ሐሳብ በራሱ አነጋገር ይድገም፣ ተናጋሪውም «አዎ፣ እንዲህ ነው ያልሁት» ካለ በኋላ ይጠይቅ። ግማሹ ጠብ የሚመነጨው ያልተባለውን ከመመለስ ነው።

ሰዓቱ ሲደመር፦ ንባብ 10፣ ድምፅ 5፣ ትንንሽ ቡድን 20፣ ንግግር 18፣ ተጠየቅ 12፣ ክፍት ጊዜ ለአንድ ሰው ከደቂቃ ተኩል ሳይበልጥ 20፣ ሁለተኛ ድምፅ 5። በጠቅላላው 90 ደቂቃ። ሰዓቱን ሰው ሳይሆን የስልክ ደወል ይጠብቅ። ወጣት ትልቅ ሰውን «ይበቃዎታል» ማለት ይከብደዋል፤ ስልክ ይሉኝታ የለውም።


የቀፊራ_ልጅ፦

አቦ፣ ሰው ግድ የለውም የምትሉትን አልቀበልም። ቅዳሜ ከሰዓት የትኛውም በርጫ ቤት ግቡና ስሙ። አሥር ሰዓት ላይ ምርቃናው ሲደርስ ትራምፕ ይወርዳል፣ ፑቲን ይነሣል፣ ስዊዝ ይዘጋል ይከፈታል። ድሬ መቼም ወሬ አጥታ አታውቅም። የጠፋው ወሬውን የሚይዝ ሰው ነው። እዚያ ማንም ለተናገረው አይጠየቅም፣ ማንም ሐሳቡን አይለውጥም፣ ጨብሲ ላይ ደግሞ ሁሉም ተረስቷል።

ስለዚህ ክርክሩን በርጫ ላይ አድርጉት የሚል ካለ አትስሙት። ሴቶች ይቀንሳሉ፣ የማይቅም አይመጣም፣ ምርቃናም ሰውን ከልክ በላይ እርግጠኛ ያደርገዋል። ጠዋት 3:30 ጀምራችሁ 5:00 ላይ ጨርሱ፤ ፀሐዩም አይበረታ፣ ሰውም ለምሳ፣ ከምሳ በኋላም ለጉዳዩ ይደርሳል። ዓርብ ጁምዓ ነው፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፤ ቅዳሜ ደህና ናት። በረመዳን ግን ለፆመኛው ሻዩም ስለማይሆን ሰዓቱን ጠይቃችሁ አሸጋሽጉ። የሚጋበዘውን ሰው ግን ከበርጫው፣ ከባጃጅ ተራው፣ ከፀጉር ቤቱ ፈልጉት እንጂ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አይደለም።

ሌላው ነገር፣ ዜና መሸሽ የድሬ ብቻ አይደለም። ኦክስፎርድ ያለው የሮይተርስ ተቋም በየዓመቱ በብዙ አገር በሚያደርገው ጥናት፣ አንዳንዴም ሆነ ብዙ ጊዜ ዜና እሸሻለሁ የሚለው ሰው በ2017 እ.ኤ.አ. 29 በመቶ ነበር፤ በ2025 እ.ኤ.አ. 40 በመቶ ደርሷል። ኢትዮጵያ በጥናቱ የለችበትም፤ ምክንያቶቹ ግን ለኛም አይጠፉንም፦ ስሜት ያበላሻል፣ ጦርነት በዛ፣ ደከመኝ፣ በሰማሁት ነገር ምን ላደርግ? የመጨረሻዋ ላይ ነው ሥራው። ሰው እጁን የሚያሳርፍበት ነገር የሌለውን ወሬ ጠዋት ጠዋት ስታነቡለት ቢሸሽ ጤነኛ ነው።

ስለዚህ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ የ«ተጠየቅ_በሉ» የጸጥታው ምክር ቤት ምሳሌ ለመጀመሪያ ቀን አይሆንም። ዕውቀት ያለው ሦስት ሰው ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። ከቀፊራ ገበያ ዋጋ ጀምሩ፤ ዘይት፣ ቤንዚን፣ የባጃጅ ሂሳብ። ለምሳሌ «ቀይ ባሕር ላይ መርከብ ስለተመታ ነው ዕቃ የተወደደብን» በሉና አከራክሩ።


ቦቴና_ባቡር፦

የቀፊራ ልጅ ሐሳብ ጥሩ ነው፤ ምሳሌው ግን ካርታ ሳይታይ የተነገረ ነው። ክርክር የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም የተስማማበት ነገር ስህተት ሲሆን። ለአንድ ገጹ ጽሑፍ የሚሆን ነገር ልጨምር።

ጅቡቲ ወደብ ከቀይ ባሕር ደቡባዊ በር ከባብ ኤል መንደብ በስተ ደቡብ፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ነው። መተላለፊያው በጠባቡ በኩል 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከቻይና ወይም ከሕንድ የሚመጣ መርከብ በሕንድ ውቅያኖስና በኤደን ባሕረ ሰላጤ አድርጎ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ባብ ኤል መንደብን ማለፍ የለበትም። ማለፍ ያለበት በስዊዝ በኩል ከአውሮፓ፣ ከቱርክ፣ ከጥቁር ባሕር የሚመጣው ነው፤ የዩክሬን ስንዴ ለምሳሌ። እንደ ጅዳ ባሉ ወደቦች ተራግፎ በትንሽ መርከብ የሚመጣ ዕቃም እንዲሁ።

ታዲያ ከቻይና የሚመጣው ዕቃ አልተነካም? ተነክቷል፣ ግን በሌላ መንገድ። የየመን ታጣቂዎች ሁቲዎች ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን መርከብ ኅዳር 2016 (ኖቬምበር 2023 እ.ኤ.አ.) ከያዙ በኋላ ትልልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች በደቡብ አፍሪካ ጫፍ መዞር ጀመሩ። ከእስያ ወደ አውሮፓ ለሚሄድ መርከብ ይህ ከ10 ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይጨምራል። ያው መርከብ በዓመት የሚያደርገው ጉዞ ስለሚቀንስ በዓለም ላይ መርከብም ኮንቴይነርም ያጥራል። ከሻንጋይ ወደ ሮተርዳም የኮንቴይነር ኪራይ በሁለት ወር ውስጥ ከሦስት እጥፍ በላይ የጨመረው ለዚህ ነው። የጦርነት ስጋት ኢንሹራንሱም አካባቢውን በሙሉ እንጂ መተላለፊያውን ብቻ አይደለም የሚያየው።

ነዳጅ ደግሞ ሌላ ካርታ ነው። ከኩዌትና ከኤምሬቶች የሚጫነው በሆርሙዝ የባሕር መተላለፊያ ወጥቶ በዓረብ ባሕር ጅቡቲ ይመጣል። ከዓለም ነዳጅ አንድ አምስተኛ የሚሆነው የሚያልፈው በዚያች ጠባብ በር ነው። ስለዚህ ለቀፊራ ሸቀጥ የሚያሰጋው ቀይ ባሕር ቢሆን፣ ለባጃጁ የሚያሰጋው ሆርሙዝ ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ «የዓረቦቹ ጦርነት» ማለት ለወሬ ይሆናል፣ ለክርክር አይሆንም።

ሦስተኛውን ምክንያት ከረሳችሁ ደግሞ ገጹ ውሸታም ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በኋላ የተወደደን ዕቃ ሁሉ ለባሕሩ የሚሰጥ ሰው ሲመጣ «ተጠየቅ! በየትኛው ወር?» በሉት። ዋጋ ስትጽፉ ወርና ዓመት ከሌለው ሰሌዳ ላይ አይውጣ።

ለማዘጋጀት፦ ትልቅ ካርታ ግድግዳ ላይ ስቀሉ፤ በእጅ የተሳለ ቢሆንም ይበቃል። ባብ ኤል መንደብ፣ ጅቡቲ፣ ኤደን፣ ጅዳ፣ ስዊዝ፣ ሆርሙዝ ይታዩ። ክር ያዙና በፒን ሁለቱን መስመሮች ለዩ። ከሰባት ሰው አንዱ እንኳ ተነሥቶ ክሩን በጣቱ ከተከተለ ክርክሩ ተጀምሯል።


ዘብ_ያልሆነ_ጠበቃ፦

የፈቃዱን ጉዳይ በአጭሩ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመያዝና የመግለጽ፣ በአንቀጽ 30 የመሰብሰብ መብትን ይዟል። አዋጅ ቁጥር 3/1983 ደግሞ ለሰላማዊ ሰልፍና ለሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ይጠይቃል። የእናንተ ዝግጅት የንባብ ክፍሉ የራሱ ፕሮግራም ሆኖ፣ በክፍሉ ውስጥ፣ በኃላፊው ፊርማ ከተካሄደ ነገሩ ቀላል ነው። ቢሆንም ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሚከራከሩበትን አቋም የያዘ አንድ ገጽ ደብዳቤ ለወረዳው ማስገባትና ቅጂው ላይ «ደርሷል» ማስባል አይከፋም። ሕጉ አስገድዶ ሳይሆን፣ በር ላይ «ምንድን ነው?» ብሎ ለሚመጣ ሰው የሚታይ ወረቀት እንዲኖር ነው። አካባቢው ላይ የተለየ የጸጥታ ክልከላ ካለ ደግሞ ሌላ ነው፤ በየወሩ ጠይቁ።

የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚናገረውን ብቻ ሳይሆን የሚያሰራጨውንም ይይዛል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተሰራጨ ቅጣቱ ይከብዳል። ስለዚህ ቀረጻ አይኑር። ሁለት ደቂቃ ተቆርጦ ቲክቶክ ላይ ከወጣ፣ ዕጣ ደርሶት የተከራከረውን ሰው «የእገሌ ደጋፊ» ያደርገዋል። በሚቀጥለው ወር ማንም አፉን አይከፍትም።

የቻተም ሐውስ ደንብ የሚባለው ከ1927 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፦ የሰማኸውን ነገር ውጭ ተጠቀምበት፣ ማን እንደተናገረው ግን አትናገር። ይህንን በአንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉ። ስልክ ደግሞ በሩ አጠገብ በቅርጫት ይቀመጥ፣ በቁጥር። የሰዓት ጠባቂው ስልክ ብቻ ይቀራል።

ስለ ጋዛ የሚነሣ አይጠፋም። አትከልክሉ፣ ግን ከአምስተኛው ወር በፊት አታድርጉት። ሰው ገና ወረቀቱ ሳይነበብ በእምነቱ ወገን ቆሞ ይጠብቃል፤ ዕጣውም አይሠራለትም፤ ማንም «ተቃራኒውን ልከራከር» አይልም። ሲደርስ «ማን ትክክል ነው?» ሳይሆን አንድ ተቋም ምን ማድረግ አለበት በሚል ይጥበብ። የ«ተጠየቅ_በሉ» የምክር ቤቱ ጥያቄ ያን ጊዜ ቦታው ነው።


ንባብ_ቤት፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሁለት ነገር ቀረ። አንደኛ፣ ሁልጊዜ አንድ ጋሼ ይኖራሉ፤ ብዙ ያነበቡ፣ ሁሉም የሚያከብራቸው፣ ከጃንሆይ የመንግሥታቱ ማኅበር ንግግር ጀምረው እስከ ዛሬ የሚያወርዱ። እሳቸው ከተናገሩ በኋላ ሌላው «እሳቸው ብለውታል» ብሎ ይዘጋል። ሁለተኛ፣ ሴቶች ይመጣሉ፣ ይጽፋሉ፣ አይናገሩም።

የመጀመሪያው አቋም ደግሞ እንዲህ ቢሆንስ፦ «በመካከለኛው ምሥራቅ ያለው አለመረጋጋት የነዳጅ አቅርቦታችንን ስለሚጎዳ ድሬዳዋ የትራንስፖርት ዘርፉን ወደ ታዳሽ ኃይል ለማሸጋገር ቅድሚያ መስጠት አለባት»?


ተጠየቅ_በሉ፦

ጋሼን አታስቀሪያቸው፤ ሥራ ስጫቸው። ወረቀቱን ከሦስት ቀን በፊት ስጫቸውና እውነታዎቹን ያርሙ፤ በዕለቱ ደግሞ «የእውነታ ዳኛ» ይሁኑ። ማለትም አቋም አይናገሩም፤ ሁለቱ ወገኖች በቁጥር ወይም በዓመት ሲጣሉ ብቻ ይጠየቃሉ፣ በአንድ ደቂቃ ይመልሳሉ። እንዲህ ሲሆን ክብራቸው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ሰኔ 1936 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ የተነገረውን ማንም ከሳቸው የበለጠ አያስታውስም፤ ሲጠየቁ ይንገሩ። ሁለት እንደዚህ ያሉ ሰዎች ካሉ ግን ሁለቱንም ዳኛ አታድርጊ፤ እርስ በርስ ይከራከሩና ሰዓቱን ይበሉታል።

የሴቶቹ ነገር ከአራቱ ሰው ቡድን ይጀምራል። በአንዱ ቡድን ቢያንስ ሁለት ሴቶች ይኑሩ፤ አንድ ብቻ ከሆነች ጸሐፊ ትደረጋለች፣ ቡና አቅራቢም ልትሆን ትችላለች። የቡድኑን ሐሳብ ለክፍሉ የሚያቀርበውም በዕጣ ይለይ። ክፍት ጊዜው ላይ መጀመሪያ የምትናገረው ሴት ትሁን፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ተናጋሪዎች ወንዶች ከሆኑ አራተኛዋ ሴት እስክትነሣ መጠበቅ ረጅም ነው። አወያይዋም ከተናገረ ሰው ይልቅ ወዳልተናገረው ትይ፤ ግን ስም ጠርታ አታፋጥ። «በዚህ በኩል ያላችሁስ?» ብላ 10 ሰከንድ ዝም ትበል። አሥር ሰከንድ ረጅም ነው፤ አወያይ ሁሉ ሦስተኛው ላይ ፈርቶ ራሱ ይናገራል።

አርፋጅ ካለ እንደ ዕድር ትንሽ መቀጫ አድርጉ፤ 20 ብር፣ ለሻይ። ስሙ ሳይጠራ ቆርቆሮ ውስጥ ይጨምር። እናንተም 3:30 ካላችሁ ሦስት ሰው ቢኖርም 3:30 ንባቡን ጀምሩ።

አቋምሽ ላይ ግን እህቴ፣ «ቅድሚያ መስጠት አለባት» ከሚል ዓረፍተ ነገር ጋር ማን ይጣላል? ከንቲባውም፣ ነዳጅ ነጋዴውም እሺ ይላል። «ታዳሽ ኃይል» የሚለውን ባጃጅ ነጂው ሲሰማ ወደ ሌላ ስብሰባ እንደተጠራ ያውቃል።


የቀፊራ_ልጅ፦

እኔ ላሳጥረው፦ «ከአሁን በኋላ ድሬ የሚገባ አዲስ ባጃጅ ሁሉ የኤሌክትሪክ ይሁን።»


ቦቴና_ባቡር፦

ይሄ ያጣላል፤ ጥሩ ነው። ለወረቀቱ፦ ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፣ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት። ነዳጅ በቦቴ ከጅቡቲ ይመጣል፣ የሚገዛው በዶላር ነው።

ለደጋፊው፦ ሆርሙዝ ቢዘጋ ወይም ዶላር ቢጠፋ የከተማው ትራንስፖርት አይቆምም። ለተቃዋሚው፦ ባትሪውም የሚገዛው በዶላር፣ የሚመጣውም በመርከብ ነው፤ አገሪቱ ከምታስገባው ነዳጅ ትልቁ ድርሻ ደግሞ ናፍጣ እንጂ ባጃጁ የሚጠጣው ቤንዚን አይደለም፤ የቀፊራን ሽንኩርት የሚያመጣው አይሱዙ ቆሞ ባጃጁ ቢሄድ ምን ይጠቅማል? ሙቀቱም አለ፤ ከ35 ዲግሪ በላይ ላይ ቆሞ የሚውል ባትሪ ቶሎ ይደክማል።

የሚጎድለው አንድ ቁጥር ነው፣ እሱን ከመሬት አምጡት። ከቅዳሜ በፊት አምስት ባጃጅ ነጂ ጠይቁ፦ በቀን ስንት ሊትር፣ ስንት ብር፣ ቤንዚን ለመቅዳት ስንት ሰዓት ሰልፍ? አማካዩን ወረቀቱ ላይ ጻፉ። አምስቱንም ጋብዟቸው፤ ቁጥሩ የነሱ ስለሆነ ተሳስቶ ሲጠቀስ ዝም አይሉም።


ንባብ_ቤት፦

ተቀብለናል። ቦሎቄውና ካርታው ተጀምሯል። ነጂዎቹ የሚሠሩበት ሰዓት ስለሆነ ጠዋት 3:30 አይመቻቸው ይሆን?


የቀፊራ_ልጅ፦

ጠዋት ተማሪና ሠራተኛ ካደረሱ በኋላ ይቀዘቅዛል፤ ቅዳሜ ደግሞ ይበልጥ። 3:30 ይሆናል። ባጃጁን የሚያቆሙበት ጥላ ግን አዘጋጁ፣ ከመስኮቱ የሚታይ። መኪናው ካልታየው ነጂ ዓይኑ ውጭ ነው፤ ዕጣ ቢደርሰው እንኳ አይሰማችሁም።